ለወጥ ነው ለጥርስ?

የጡረታ ፎርሜን የሞላልኝ ወጣት ግራ ጉንጩ ውስጥ አስፕሪን ወትፎ ነበር። እሱ አልነገረኝም፤ አነጋገሩ ነው የነገረኝ። «ስም ከነአያት» ሲለኝ ከንፈሩን የሚገጥመው በቀኝ በኩል ብቻ ነበር።

ስሜን ነገርኩት። እቴነሽ አልኩ፤ የአባቴንና የአያቴንም ጨመርኩ።

«የሥራ መደብ?»

«የጥርስ ሕክምና።»

እስክሪብቶው ቆመ። ቀና ብሎ አየኝና ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው መልሶ አቀረቀረ።

«ክኒኑን መቼ ነው የወተፍከው?» አልኩት።

«የምን ክኒን?»

ጉንጩን በጣቴ አሳየሁት።

«ከትናንት ወዲያ» አለ በመጨረሻ። «ሌሊቱን አላስተኛኝ ሲለኝ… ግን እንዴት አወቁ?»

ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጌ አፉን አስከፈትኩት። ድዱ ነጭ ሆኖ የፈላ ወተት ላይ እንደሚንሳፈፍ ቆዳ ተሸብሽቧል። ክኒን የሚሠራው በሆድ በኩል መሆኑን፣ ድድ ላይ ሲያስቀምጡት ግን ከማቃጠል በቀር የሚያደነዝዘው ነገር እንደሌለ ነግሬው አስተፋሁት፤ አስጉመጠመጥኩት። ከዚያ ቶሎ ጥርስ ክፍል እንዲሄድ አዘዝኩት።

«ፎርምዎስ?» አለኝ።

«እኔ ከእንግዲህ የትም አልሄድም። ነገ ትሞላልኛለህ።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ጡረተኞች አጉረመረሙ፤ አንዱ ሽማግሌ ግን እየሳቁ «ለእኔም በዚያው አንዱን መንጋጋዬን ይዩልኝ» አሉ። ጡረታዬ በአስፕሪን ምክንያት አንድ ቀን ዘገየ። እንዲህ ሆኖ ማለቁ ደስ አሰኘኝ፤ የሥራ ዘመኔ በሙሉ ያለፈው ሰዎች ጥርሳቸው ላይ፣ ይልቁንም ልጆቻቸው ጥርስ ላይ የጨመሩትን ነገር ሳወጣና ሳጥብ ነውና።

እኔ ራሴ የተወለድኩት ሐረር፣ ከግንቡ ውጭ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አንዲት የወተት ጥርሴ ተቦረቦረችና ሰማይ ምድሩ ዞረብኝ። እናቴ አንድ እሑድ ጠዋት ጥጥ በአረቄ ነክራ ጥርሴ ላይ አደረገችልኝና ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ሄደች። ጥጡን ግን እንዳለ ከመያዝ ፈንታ መምጠጥ ጀመርኩ። መዝሙር ላይ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ መሳቅ ያዝኩ። ሳቄ አልቆም አለ። አንድ ቄስ ዞር ብለው «ይህች ልጅ ምን ነክቷታል?» ሲሉ እናቴ ፊቷ በርበሬ መስሎ «ጥርሷን አሟት ነው አባ» አለች። ሕዝቡ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። የጉንጬ ውስጥ ግን ሳምንት ሙሉ ሲላጥ ከረመ፤ ትኩስ ነገር መቅመስ አልቻልኩም። እናቴ ሁለተኛ አረቄ አልነካችም፤ እስክትሞት ድረስም ይህን ስናነሳባት ታፍር ነበር።

እናቴ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትወደኝ። ይህን ነገር ሁልጊዜ ማስታወስ ነበረብኝ። አንድ ቀን ረሳሁት። ወደዚያ እመጣለሁ።

ትምህርቴን ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብኩት ቆላ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። የጥርስ ወንበር አልነበረም፤ አናጢ ከትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ቆርጦ ሠራልኝ። መብራትም ስላልነበረ የምሠራው በመስኮት ብርሃን ነው፤ ፀሐይ ስትዞር እኔም ወንበሩን ከነበሽተኛው አዞር ነበር። ደመወዙ ሲመጣ ይመጣል፤ ሲቀር ደግሞ የመንደሩ ሰው ፓፓያ ያመጣልኛል። እዚያ ጥርስ መንቀል በደንብ ተማርኩ። ከሰው ጋር መነጋገርን የተማርኩት ግን ሁለት ዓመት ቆይቼ ወደ ሐረር ጤና ጣቢያ ስዛወርና ጋሽ በላቸው እጅ ስወድቅ ነው።

ጋሽ በላቸው የጥርስ ክፍላችን አንጋፋ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ እጅጌያቸውን የሰበሰቡ ሰው ናቸው። የሌላውን ጥርስ ሲያድኑ የራሳቸውን ረስተውት ኖሮ እኔ ስደርስ አፋቸው ውስጥ የቀሩት ከአምስት አይበልጡም ነበር። ይህንንም ለሥራቸው ያውሉት ነበር። ሕፃን ሲመጣ መጀመሪያ እጃቸውን ለብ ባለ ውኃ ይታጠባሉ፤ «በቀዝቃዛ እጅ የነካሽው ልጅ ይነክስሻል» ይሉኛል። ከዚያ ዱካ ላይ ከልጁ ዝቅ ብለው ይቀመጡና መስታወቷን ለልጁ ሰጥተው የራሳቸውን አፍ ይከፍታሉ። «ስንት ጥርስ ቀረኝ? ቁጠርልኝ።» ልጁ ይቆጥራል፣ ይስቃል፤ «ያንተስ?» ሲሉት እሱም ይከፍታል። ሳያስገድዱት የተከፈተ አፍ ማለት ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ሁለተኛው ልማዳቸው ማሽተት ነበር። ከማየታቸው በፊት ያሸታሉ። የቅርንፉድ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ፣ ናፍጣ፤ ሁሉም ሽታው አለ። «ሽታ ያለውን አትፍሪ» ይሉኝ ነበር። «ምንም የማይሸት ነጭ ቁስል ካየሽ ግን ደንግጪ። እሱ ክኒን ነው፤ ወይም የባትሪ ውኃ ነው፤ ወይም የቅንጭብ ወተት ነው።» እንዲህ ያለ ሲያጋጥማቸው አይፍቁም፣ አይነካኩም፤ ያጥባሉ። ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ የልጁን ራስ ወደ ጎን አዘንብለው፣ እንዳይውጠው እየተጠነቀቁ ሩብ ሰዓት ሙሉ በንጹሕ ውኃ ያጥባሉ። ወላጁ ሲሰለች፣ ልጁ ሲሰለች፣ እኔም ስሰለች እሳቸው አይሰለቹም።

ሦስተኛው ደግሞ ጥያቄያቸው ነው። እናት ልጇን ይዛ ስትገባ «እስካሁን ምን አደረግንለት?» ይሏታል። አንድ ቀን ሳይገባኝ ቀርቶ ጠየቅኋቸው።

«ጋሽ በላቸው፣ እኛ ምን አደረግን? ያደረጉት እነሱ አይደሉ እንዴ?»

«"ምን አደረጋችሁ?" ካልሻት ፖሊስ ነሽ» አሉኝ። «"ምን አደረግን?" ካልሻት ዘመድ ነሽ። ለፖሊስ ሰው እውነቱን ይናገራል?»

እውነትም ለእሳቸው የማይናገር አልነበረም። ትኩስ ምስማር ያስነካው፣ ትንባሆ የወተፈው፣ የማይነገር ነገር የቀባው ሁሉ ይናዘዝላቸው ነበር። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ክፍሉን ለእኔ ሲያስረክቡኝ እነዚህን ሦስት ነገሮች እንደ እቃ አስረከቡኝ። ዱካቸውንም ተዉልኝ።

በመሃል ብዙ አለቆች መጥተው ሄዱ። ከሁሉም የማልረሳቸው ሥዕል የሚወዱት ናቸው። በቤት መድኃኒት የቆሰለ አፍ ትልቅ ፎቶ አስለጥፈው ከሥሩ በቀይ ቀለም «ይህ የእርስዎ ልጅ እንዳይሆን!» አስጻፉበት። የለጠፉት መግቢያው በር ላይ ነበር። ሕፃናቱ ፎቶውን ሲያዩ እሪ ብለው ከእናቶቻቸው እጅ ያመልጣሉ፤ ጥበቃው ሥራው ልጅ ማባረር ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ጥበቃው ራሱ «ሲስተር፣ እግሬ አለቀ» ብሎ ፎቶውን ገልብጦ ለጠፈው። አለቃችን መገልበጡን ሳያውቁ ተዛወሩ።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልምጣ።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ተራው በረንዳውን ሞልቶ ሳለ፣ አንድ ወጣት የስድስት ዓመት ልጁን ታቅፎ ሮጦ ገባ። ልጅቷ ሐናን ትባላለች፤ አባቷ ነጂብ፤ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የሚኖሩት ሐኪም ጋራ ግርጌ ነው። ልጅቷ አታለቅስም። ለሐጯ ይንጠባጠባል፤ የከንፈሯ ጥግ ነጭ ሆኗል። አሸተትኩ፤ ምንም አይሸትም። አየሁ። ከታመመው መንጋጋ አንስቶ ጉንጯ ውስጡ በሙሉ ግራጫ ሆኗል።

«ባትሪ ነው?» አልኩት።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ያን ጠዋት ሦስተኛዋ ልጅ ነበረች። ሌሎቹ የቆሰሉት በቅርንፉድ ዘይትና በሽንኩርት ነበር። ደክሞኛል፣ ተናድጃለሁ፤ ግን ይህ ምክንያት አይሆነኝም።

«አንተ ሰው ነህ?» ብዬ ጮኽኩበት። «ይህች መኪና ናት? የገዛ ልጅህን አሲድ ታጠጣለህ? እንዳንተ ያለው አባት ከሚኖራት ባይኖራት ይሻላት ነበር!»

በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት ሴት «ኧረ ጉድ!» አለች። የነጂብ ፊት ሲቀላ አየሁት። እኔም የልቤን ከተናገርኩ በኋላ የውኃውን ማሰሮ ልሞላ ወደ ጓዳ ዞርኩ። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። ውኃ ማስቀደም ሲገባኝ ምላሴን አስቀደምኩ፤ ልጅቷ ሳትታጠብ ሄደች።

ሁለት ቀን ሙሉ ለሰው ሁሉ «ራሱ ነው ጥሎ የሄደው» እያልኩ ነገርኩ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ በላቸው ቤት ሄጄ ለእሳቸውም እንዲሁ አልኳቸው። ጨርሼ ስነግራቸው ቀና ሳይሉ አዳመጡኝ።

«ልጅቷ አሁን የት ናት?» አሉ።

«አላውቅም።»

«እና እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

ቢሰድቡኝ በቀለለኝ ነበር። ተነሥቼ ወጣሁ።

ከካርድ ክፍል የነጂብን ስምና ሰፈር ይዤ መጀመሪያ ወደ ባጃጅ ተራ ሄድኩ። «ነጂብ የሚባል ሾፌር ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። አምስቱም እርስ በርስ ተያዩና «እዚህ ነጂብ የሚባል የለም» አሉ። የተደገፉት ባጃጅ ኋላው ላይ በትልቁ «ነጂብ» ተብሎ ተጽፏል። እነሱም ጽሑፉን አዩት፤ እኔም አየሁት።

«ልትሰድብህ አይደለም የመጣችው በሉት» አልኳቸው።

«ሊሳደብ ያልመጣ ሐኪም እኛ አይተን አናውቅም» አለ አንደኛው።

ቅዳሜ ሐኪም ጋራ ወጣሁ። ቤቱን አሳዩኝ፤ በሩ ተቆልፏል። የነጂብ ሚስት ፈቲያ አራስ እንደሆነችና ልጆቹን ይዛ ገጠር እናቷ ቤት እንደሄደች ጎረቤት ነገረችኝ። ያን ቤት ያዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ ግን ጎረቤቲቱ አላወቀችም፤ ውኃ አጠጥታ ሸኘችኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ እያለቀስኩ ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ከፍ ያለ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«የምትጮኸዋ ሐኪም የትኛዋ ናት?»

ወጣሁ። ቁመታቸው አጭር፣ ሻሻቸው ብርቱካናማ የሆነ አንዲት የጀጎል እናት መሃል ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ሐናንን፣ በሌላው የነጂብን እጅጌ ይዘዋል። ፈቲያ ጨቅላዋን አዝላ ከኋላ ናት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ! ጉሮሮ አለሽ ማለት ነው። እኔም አለኝ፤ ዕድሜዬን ገበያ ውስጥ የጮኽኩ ሴት ነኝ። አሁን ሁለታችንም ዝም እንበልና ልጅቷን እንይ።»

ሐጃ ዘሃራ ይባላሉ። ጀጎል ውስጥ ቅመም ይሸጣሉ፤ ጥርሱን ያመመው ሰውም ቅርንፉድ የሚገዛው ከእሳቸው ነው። ፈቲያ ለቁስሉ የሚሆን ነገር ፍለጋ እሳቸው ዘንድ ስትሄድ የልጅቷን አፍ አይተው መሸጥ እምቢ አሉ። ለምን ወደ ሐኪም እንዳልተመለሱ ሲጠይቁም ታሪኩን ሰሙ። ሱቃቸውን ለጎረቤት ትተው፣ ነጂብን ከተራው አስጠርተው፣ ሁሉንም በገዛ ባጃጁ ጭነው አመጧቸው።

ከመጀመሬ በፊት ወደ ነጂብ ዞርኩ። በረንዳው ያን ቀን እንደነበረው ሙሉ ነው።

«ወንድሜ፣ የሰደብኩህ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታም የምጠይቅህ በሰው ፊት ነው። አጥፍቻለሁ። ልጅህን ሳላጥብ አንተን አዋረድኩህ።»

«ፈቲያ በወለደች በሦስተኛው ቀን ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ሐናን ሁለት ቀን ሙሉ አለቀሰች። እናቷን ላስነሣት አልፈለግኩም። ጋራዥ ውስጥ የባትሪ ውኃ የጥርሱን ትል ይገድላል አሉኝ። ለራሴም አድርጌው አውቃለሁ፤ ለእሷ ግን ጥጡ ተንጠባጠበ። ወላሂ ሲስተር፣ ያን ዕለት እርስዎ ካሉኝ የባሰ ራሴን ሰድቤአለሁ።»

ሐናንን ዱካው ፊት አስቀመጥኳት። ቁስሉ ደርቋል፤ ግን ሲደርቅ ጉንጯን እንደ ተሰፋ ልብስ ስቦ ይዞታል። አፏ የሚከፈተው አንዲት ጣት ቢያስገባ ነው። ሾርባ በማንኪያ ጫፍ ነው የምትጠጣው። ትልቁ ሆስፒታል ወዳለ ቀዶ ሐኪም ላክኋቸው። ሐኪሙም ሦስት ወር ሰጠን፤ በእንቅስቃሴ ካልላላ ጠባሳው ይቆረጣል፤ ከተቆረጠ ደግሞ ሌላ ጠባሳ ሊተካ ይችላል አለ።

እንቅስቃሴው ቀላል ነገር ነው፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ነው። ጠፍጣፋ የአይስክሬም እንጨቶች ተደራርበው በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ይገባሉ፤ ልጁ እንደያዛቸው ይቆያል። ሲለምደው አንድ ይጨመራል። ሐናን የጀመረችው በአምስት ነው። ጠዋትና ማታ አባቷ ያሠራታል፤ ማክሰኞና ዓርብ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ነጂብ ከአይስክሬም ሻጮች አዲስ እንጨት እየገዛ ባጃጁ ውስጥ ሞላው፤ ጓደኞቹም «ቤት ልትሠራ ነው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ሐናን ለእያንዳንዱ እንጨት ስም ሰጠችው። አዲስ የሚጨመረው ሁልጊዜ የሚጠራው በዚያ ሳምንት በተቀየመችው ሰው ስም ነው። አንዱ የክፍሏ ልጅ ነበር፤ አንዱ ጨቅላው ወንድሟ። ስምንተኛው ሲስተር እቴነሽ ሆነ፤ አሳምሜያት ነበርና። ሐጃ ዘሃራም ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ። ሐናን በኦሮምኛ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብላ ስትቆጥር እሳቸው ደግሞ «አሐድ፣ ኮኦት፣ ሺኢሽቲ» እያሉ በራሳቸው ቋንቋ ያርሟታል፤ እሷ እንጨቱን እንደ ነከሰች ዓይኗን ታጉረጠርጥባቸዋለች።

ዘጠነኛው ላይ ቆምን። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፤ ዐሥረኛው አልገባ አለ። ቀዶ ሐኪሙ የሰጠን ቀን ቀረበ። ፈቲያ መጸለይ፣ ነጂብ መክሳት ጀመረ። እኔም እንደገና ጋሽ በላቸው ቤት ሄድኩ። ጫማቸውን አድርገው ተከትለውኝ መጡ።

ያኔ አንድም ጥርስ አልቀረላቸውም። ሐናንን በሞቀ ፎጣ ጉንጯን አስያዟትና ፊቷ ዱካ ላይ ተቀመጡ። እንጨቱን አልነኩም። ዝም ብለው አፋቸውን በሰፊው ከፍተው አዛጉ። ጥርስ የሌለው ረጅም ማዛጋት ነው፤ መጨረሻ የለውም። ትንሽ ቆይተው ደገሙት። መጀመሪያ የተያዘው ነጂብ ነው። ከዚያ እኔ። ከዚያ ፈቲያ። ሐጃ ዘሃራ «አዑዙ ቢላህ! ምን መጣብን?» ብለው ሳይጨርሱት አዛጉ። በረንዳ ላይ ያሉት ሴቶች በበሩ እያዩ ማዛጋት ያዙ። ሐናን ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን፤ አፍንጫዋ ሰፋ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አፏም ተከፈተ። ጋሽ በላቸው ቀልጠፍ ብለው ዐሥሩንም እንጨት አስገቡላት።

ልጅቷ እንጨቶቹን ነክሳ ደንግጣ ቆመች። ነጂብ ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ ዐሥር። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። ካርድ ክፍል ያሉት «ማን ወለደ?» እያሉ መጡ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀለለ። ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ስንደርስ ሦስት ጣቷን አቁማ አፏ ውስጥ አስገብታ አሳየችው። «ታዲያ ለምን አመጣችኋት?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ስንወጣ ነጂብ ማንጎ ገዛ። ማንም ሳይቆርጥላት በሁለት እጇ ይዛ ከነልጣጩ ገመጠችው፤ ጭማቂው እስከ ክርኗ ወረደ። ፈቲያ ቀሚሷን ለማዳን ስትሞክር ነጂብ «ተያት! ይበላሽ!» አላት።

ሁሉም ነገር ዳነ አልልም። ሐናን ስትስቅ የግራ ከንፈሯ ጥግ ከቀኙ ትንሽ ይዘገያል። ሌላ ሰው ላያየው ይችላል፤ እኔ ግን አየዋለሁ። ያን ሩብ ሰዓት ብታጠብ ኖሮ ይህ ላይኖር ይችል ነበር። ይህን ለማንም ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ከእኔ በኋላ ለመጡት ተማሪዎችም በመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው ይህንን ነበር።

ሐጃ ዘሃራ ግን በዚህ አላበቁም። አንድ ቀን ሱቃቸው ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ሰው ቅርንፉድ ሊገዛ መጣ።

«ለወጥ ነው ለጥርስ?» አሉት።

«ለወጥ ነው ሐጃ» አለ ጉንጩን በመዳፉ ይዞ።

«ወጡ የሚሠራው ጉንጭህ ውስጥ ነው?»

ጠቅላላ መንገዱ ሳቀ። ሰውየው ለራሱም ለልጁም ጥርስ መሆኑን ተናገረ። ቅርንፉድ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ዘይቱ ሳይበረዝ የሕፃን ድድ ላይ ሲፈስ ግን ያቃጥላል። ለሐጃ ዘሃራ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርኳቸው። ከዚያ ጀምሮ ለወጥ ላለ ይሸጣሉ፤ ለጥርስ ላለ ደግሞ በወረቀት ጨው ቋጥረው በነፃ ይሰጡና «ለብ ባለ ውኃ ያጉመጥምጠው፤ አሁኑኑ ግን ወደ እቴነሽ ውሰደው። ድሮ ትጮህ ነበር፤ አሁን ተምራለች» ይላሉ። ጨው በወረቀት ይዞ የሚገባ ሰው ሳይ ከማን እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። ቅመም ሻጯ ገበያቸውን ቀንሰው ሥራዬን አበዙልኝ። አንዳንድ ዓመት በጨው የመጡት በሪፈር ከመጡት ይበልጡ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ አፋቸውም ያልቆሰለ፣ ጥርሳቸው ብቻ የታመመ ልጆች ነበሩ።

ነጂብም አንድ ነገር አደረገ፤ ማንም ሳያዘው። አዲስ ሾፌር ተራው ላይ ሲመጣ፣ ልጅ እንዳለው ጠይቆ፣ የሆነውን ሁሉ ራሱ ይነግረዋል። እኔ የሰደብኩትን ብቻ ይዘለዋል። ጓደኞቹ «እሱንም ንገረው እንጂ» ሲሉት «እሱ የእኔና የሲስተር ነው» ይላቸዋል አሉ።

ጡረታ ከወጣሁ ከወር በኋላ ይመስለኛል፣ ገበያ ልሄድ ነጂብን አስቆምኩት። ገና ከመቀመጤ አንዲት ወጣት እናት ጉንጩ ያበጠ ልጅ ታቅፋ ከመንገዱ ዳር እጇን አወጣች። ነጂብ ዞሮ አየኝ። እኔም ዘንቢሌን ጭኔ ላይ አነሣሁ፤ ቦታ ለቀቅኩላት። ሳይጠይቀኝ ወደ ጤና ጣቢያው ነዳው።

ክፍሉን አሁን የያዘችው ትዕግሥት ናት፤ ስድስት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ልጁን ወንበሩ ላይ ስታስቀምጠው እኔ ሳላስበው እጄን መታጠብ ጀምሬአለሁ።

«እትዬ» አለችኝ በጆሮዬ። «አንድ ነገር ልበልዎት፣ አይቀየሙኝም?»

«ምን?»

«ልጁ ሁለት ሐኪም ሲያይ ይፈራል። ውጭ ይጠብቁን።»

ከዚያ ክፍል ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስወጣ ኖሬ እኔን ያስወጣኝ ማንም አልነበረም። ከዚያ ሳቄ መጣ። እጄን አድርቄ ወጣሁና በረንዳው ላይ ካሉት እናቶች መካከል ተቀመጥኩ። ጎኔ ያለችው ሴት ጠጋ ብላ ከቋጠረችው ኦቾሎኒ ዘገነችልኝ።

«የልጅ ልጅዎን ነው ያመጡት?» አለችኝ።

«አይደለም፤ ብቻ እንደዚያው በይው» አልኳት።

«አይጨነቁ። እኔም ባለፈው ትልቋን አምጥቻት ነበር። እዚህ ቤት ምን አድርገሽ ነው ብለው አይቆጡም ይባላል፤ እውነት ነው፣ አልተቆጡኝም።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አልኩና ኦቾሎኒዬን መፈልፈል ጀመርኩ።